ኦዲል ማለት

ተረፈች ጤፍ ስትገዛ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ሳትሰድ አትገዛም። ላዩን ማኛ፣ ታቹን ሠርገኛ አድርጎ የሚሞላ ነጋዴ ዓለም ገና ገበያ ሞልቷል፤ እሷን ያታለለ ግን ገና አልተወለደም። ልጇ ሊቤ በወለደች በአርባኛው ቀን ከአልጋዋ ቀና ብላ «ልጄን ኦዲል ነው የምላት» ስትላትም ያው እጇን ሰደደች።

«ውስጡ ምንድነው?»

«የምኑ?»

«የስሙ ነዋ! ስም እንዲሁ ይወረወራል? እኔን ተረፈች ያሉኝ ከእኔ በፊት የተወለዱት አራቱ አልቀው እኔ ስለተረፍኩ ነው። ያንቺዋ ኦዲል ምን ሆና ነው?»

ሊቤ ሳቀች። ስትስቅ ፊቷን የምታዞረው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ድምፅ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኖቿ አያዩም። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ፣ ኮሌጅ ጨርሳ፣ አሁን ዓለም ገና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ ማን ማስቲካ እንደሚያኝክ፣ ማን ከወንበሩ እንደተነሣ በጆሮዋ ብቻ ታውቃለች፤ ልጆቹ ከዳይሬክተሩ ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

«ማዳም ኦዲልን ረሳሻት? ከፈረንሳይ አገር መጥታ ሁለት ዓመት ብሬል ያስተማረችንን? እጄን በእጇ ይዛ መጀመሪያ ነጥቦቹ ላይ ያስኬደችኝ እሷ ናት። ትርጉሙን አላውቅም፤ እጇን ግን አውቀዋለሁ።»

«እጅማ ሁሉም ሰው አለው፤» አለች ተረፈች።

ይህን ሲባባሉ የሊቤ ባል ገመቺስ ገባ። ገመቺስ የሚሠራው ሱሉልታ፣ ውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው፤ ሳምንቱን አባቱ ቤት እያደረ ቅዳሜ ከሰዓት ዓለም ገና ይመጣል። ያን ቀን የጫማውን ማሰሪያ ለመፍታት የወሰደበት ጊዜ ራሱ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ለተረፈች ነገራት።

«ተናገር፤» አለችው። «ማሰሪያው አለቀብህ።»

«አባዬ የነገ ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል እማማ።»

«እንኳን ደህና መጣ። ምን ሊል?»

«ስም ይዞ። ሶያማ፣ የእናቱን ስም።» ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ። «በቀለችም አብራ ትመጣለች።»

በቀለች የገመቺስ ታላቅ እህት ናት። አሥራ አራት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አላቀፈችም። ተረፈች የእሷን ስም ስትሰማ ነገሩ ገባት። በገመቺስ አባት፣ በኦቦ መገርሳ ቤት ደንብ ልጅ ያጣ ሰው የዘመዱን ልጅ በጉዲፈቻ ያሳድጋል፤ እርጥብ ሳር ይዞ ይመጣል፣ በሽማግሌ ፊት ለሕፃኑ ስም ይጠራል፣ ስሙ ተጠርቶ አሜን ከተባለ ልጁ የእሱ ነው። ከዚያ በኋላ የወለደችው እናት ልጇን ልይ ብትል እንኳ የምትሄደው እንደ እንግዳ ነው።

«ጉዲፈቻ ነው?» አለች ሊቤ። ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት።

«እስክታድግ ነው የሚሉት… በክፋት አይደለም ሊቤ። ዛሬ ታቅፋታለች፣ ታጠባታለች፤ ስትድህ ግን እሳት ውስጥ ብትገባ ማን ያያታል ይላሉ። በቀለችም አሳዝናቸው ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ አልፈልግም። ግን አባቴን ምን ብዬ…»

«አፍህን ከፍተህ ነዋ!» አለች ተረፈች። «ያ ሁሉ ጢም የበቀለበትን!»

«ብዬዋለሁ እኮ! ስም አውጥተናል አልኩት። ኦዲል ስለው ሳቀ። ‹የምን መድኃኒት ነው? ትርጉሙ የማይታወቅ፣ ማን እንደተጠራበት የማይነገር ስም፣ ስም አይደለም። ካለው ይነገረኝ፤ ጆሮ አለኝ› አለኝ።»

ሊቤ ስልኳን አነሣች። የሊቤ ስልክ ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው፤ ጠየቀችው፣ ፈለገ፣ በዚያ ጉሮሮ በሌለው ድምፁ «ሀብት» አለ።

«በቃ?» አለች ተረፈች።

«በቃ።»

«ማን ነግሮት ነው?»

«ኢንተርኔት ነዋ እማ።»

«ሽማግሌ ፊት ስልክ ቆሞ አይምልም። መገርሳ ደግሞ በአንድ ቃል የሚመለስ ሰው አይደለም። እኔ የማላውቀውን ነገር ይዤ አልከራከርም፤ እስከ እሑድ ሳምንት ሙሉ አለኝ።» ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ አቧራውን አራገፈች።

ሰኞ ጠዋት ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ ሄደች። ሦስት ታክሲ ነው፤ ከሦስቱም ረዳት ጋር ተጣላች። አንዱን «እማማ ጠጋ በሉ» ስላላት፣ ሌላውን እማማ ስላላላት፣ ሦስተኛውን ደግሞ አስቀድማ።

የምትሄደው እውነቱ የሚባል የድሮ ወዳጅ ዘንድ ነበር። ሟቹ ባሏ ደቻሳ ለገሃር ምድር ባቡር ጭነት ሲያወርድ በነበረበት ዘመን እውነቱ እዚያው ጸሐፊ ነበር። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ከፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ዕድሜውን በሽምንደፈር፣ በባቡሩ ሥራ፣ የጨረሰ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ አቶ በማለት ፈንታ እንደ ፈረንሳዮቹ ሙሴ እውነቱ ይለዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ መካከል በሠራት ቤት ይኖራል።

በሩን ከፍቶ ሲያያት ደነገጠ።

«ተረፈች! ማን ሞተ?»

«ሰው ሲሞት ብቻ ነው የምመጣው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የመጣሽው።»

«እንግዲያው ዛሬ ለተወለደ ነው የመጣሁት። ኦዲል የሚባል ስም ታውቃለህ? ሥሩን፣ ትርጉሙን፣ ማን እንደተጠራበት፣ ሁሉንም ንገረኝ። ያላወቅከውን ግን እንዳትጨምርበት።»

እውነቱ መነጽሩን አደረገ። ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላትና ግድግዳ ላይ የቀረ የድሮ የፈረንሳዮች የቀን መቁጠሪያ አወረደ። ፈረንጆቹም እንደኛ በየዕለቱ የቅዱሳን ስም እንዳላቸው አሳያት፤ ጣቱን እያስኬደ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺውልሽ። በእኛ ታኅሣሥ አምስት ላይ ትውላለች። ስሙ ዛሬ የፈረንሳይ ይባል እንጂ ከድሮ ጀርመኖች ቋንቋ የወረደ ነው። ሥሩን አንዳንዱ ሀብት ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ከአባት የሚወረስ መሬት ነው ይላል።»

«ርስት?»

«ርስት። ልኩ እሱ ነው።»

ተረፈች ወንበሯን ሳብ አደረገች። ርስት የሚለው ቃል ሰበታ ዙሪያ አርሶ ለኖረ ሰው ዝም ብሎ በጆሮ የሚያልፍ ቃል አይደለም፤ እሷና ደቻሳ ጓያ የዘሩበት ማሳ ላይ ዛሬ የብሎኬት ማምረቻ ቆሟል።

«እሺ፣ ጥሩ ነው። ማን ናት?»

«እንደሚተርኩት፣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት አልዛስ በሚባል አገር አንድ መስፍን ነበር። ወንድ ሲጠብቅ ሴት ተወለደችለት። ያቺውም ዓይነ ስውር።»

ተረፈች ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች።

«አፈረባት። ግደሏት አለ።»

«አባቷ?»

«ራሱ አባቷ። እናትየው ግን ሸሽጋ ለሞግዚት ሰጠቻት። ሞግዚቷ ይዛት ጠፋች፤ ኋላ ሴቶች መነኮሳት ዘንድ ገዳም አስገባቻት። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ክርስትና ሳትነሣ አደገች፤ ስምም አልነበራትም ይላሉ። ከዚያ አንድ ጳጳስ በራእይ ታዝዞ መጣና አጠመቃት። ኦዲል አላት። ውኃው ሲነካት ዓይኗ በራ—»

«ቆይ፣ ቆይ። ስም አልነበራትም አልክ? አሥራ ሁለት ዓመት ምን እያሉ ነበር የሚጠሯት?»

«እሱን አልጻፉትም።»

«‹ይቺ› እያሉ ነዋ!» ተረፈች ከወንበሯ ተነሣች፤ መልሳ ተቀመጠች። «ደቻሳ ነው የነገረህ?»

«ምኑን?»

«አትደብቀኝ። እሱ ሲጠጣ አፉ አይዘጋም ነበር።»

እውነቱ መነጽሩን አወለቀ። «ተረፈች፣ እኔ የነገርኩሽ የአልዛስን ታሪክ ነው።»

እሷ ግን የሰማችው አልዛስን አልነበረም። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ሊቤ ስትወለድ ብሌኖቿ ላይ ነጭ ነገር ነበረባቸው። አዋላጇ «ማን እንበላት?» ስትላት ተረፈች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ቀን ብቻም አይደለም፤ አንድ ዓመት ከስድስት ወር አዞረች። ይቺ አለቀሰች፣ ይቺ ጠገበች፣ ይቺን ውሰዷት። እንግዳ ሲመጣ ሕፃኗ ከጆንያዎቹ ጀርባ ትተኛለች፤ አንድ ቀን የመጣ የሩቅ ዘመድ «ልጅ የለሽም?» ሲላት «የለኝም» ብላለች። ክርስትና የወሰዳት ደቻሳ ብቻውን ነው፤ የክርስትና ስሟን እንኳ ተመልሶ ሲመጣ አልጠየቀችውም። በመጨረሻ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ብርሃነሽ የምትባል ጎረቤት ልጅቷን ከጆንያው ጀርባ አወጣቻት፣ ልጅቷም የብርሃነሽን ፊት በጣቶቿ ዳሰሰች፣ «ልቤን ዳሰሰችኝ፣ እቺማ ሊቤ ናት» አለች ብርሃነሽ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ሊቤ ግን ስምሽን አባትሽ አወጣልሽ ተብላ ነው ያደገችው። ደቻሳም ብርሃነሽም ሞተዋል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ተረፈች ብቻ ናት።

«ቀጥል፤» አለችው እውነቱን።

«ወንድሟ የት እንዳለች ሰምቶ ወደ ቤት አመጣት። አባትየው ተናዶ መታው፤ ልጁ በዚያው ሞተ። ኋላ ተጸጸተና ተራራው ላይ ያለውን ግቢ ከነመሬቱ ሰጣት። እሷም ገዳም አደረገችው። ዛሬም እዚያ ምንጭ አለ፤ ዓይኑን የታመመ ሰው ይታጠብበታል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓይኗ ባይበራ ኖሮ መሬቱን ይሰጣት ነበር?»

«እሱንም አልጻፉትም።»

«ዋና ዋናውን ነው የሚዘሉት!» አለች። «በል፣ የዓይኗን መብራት ለእነሱው ተውላቸው፤ እኔ አልወስደውም። የእኔ ልጅ ዓይኗ ሳይበራ ነው የተማረችው፣ ሳይበራ ነው የምታስተምረው። ሌላውን ድገምልኝ። እኔ ደብተሬ ጭንቅላቴ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሰማሁ አይጠፋብኝም።»

ሦስት ጊዜ ደገመላት። በሦስተኛው እሷ አረመችው።

እሑድ ረፋድ ላይ ኦቦ መገርሳ መጣ። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሏል፤ አንደኛው ኦቦ ቦጂያ፣ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ነገር ሲጠና የሚጠራ ሰው ነው። በቀለች አዲስ የሕፃን ፎጣ በክንዷ ላይ አጥፋ ከኋላ ቆማለች።

«አከም ጅርቱ አደ ተረፈች!» አለ፤ ደህና ነዎት ወይዘሮ ተረፈች ማለቱ ነው።

«ፈያ! ፈያ ኦቦ መገርሳ! ሴና፣ ግቡ፣ ግቡ!»

ኦቦ መገርሳ እጁን ዘረጋ። ተረፈችም በሁለት እጇ ተቀበለች። የተቀበለችው እርጥብ ሳር ነበር። ሳር ይዞ የመጣን እንግዳ በሁለት እጅ መቀበል ከእናቷ ጓዳ የለመደችው ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ እጇ የሚያደርገውን አላሰበችም። የኦቦ መገርሳ ጢም ከፍ ሲል ነው የነቃችው። እንዲህ ባለ ጉዳይ ሳሩን የተቀበለ ሰው ጉዳዩንም ተቀብሏል። ገመቺስ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።

ገብተው ተቀመጡ። ሊቤ ሕፃኗን ታቅፋ መደቡ ላይ ናት። ኦቦ መገርሳ በትሩን ጉልበቱ መሃል አቁሞ ንግግሩን ጀመረ፤ ንግግር ያውቃል፣ ይህን ተረፈችም አትክድም።

«አደ ተረፈች፣ እኛ በአጥር ዘለን አልመጣንም። ልጅቷንም ከደም አናወጣትም፤ ከአንዱ ቤታችን ወደ ሌላው ቤታችን ነው። ሊቤን እንደ ልጄ ነው የማያት፤ ሸክሟ ይቅለልላት ብለን ነው። በቀለችም ባዶ ጀርባዋን ተሸክማ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። እርስዎም ሳሩን በሁለት እጅዎ ተቀብለውናል፣ ያክብርልን። እንግዲህ ስሙን ልጥራና አሜን በሉ።»

«አይጠራም!» አለች ተረፈች።

ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ።

«ትርጉሙና ታሪኩ ይነገረኝ፣ ጆሮ አለኝ ብለው ልከውብኛል። ጆሮዎን አምጥተዋል አይደል? እንግዲያው መጀመሪያ ይስሙኝ።»

ነገረቻቸው። እንደ ማርያም ጽዋ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ችሎት፣ ቆማ ነገረቻቸው። ሴት ስለሆነች፣ ማየትም ስላልቻለች ይግደሏት ስላለው አባት፤ ይዛት ስለጠፋችው ሞግዚት፤ ያለ ስም ስላለፈው አሥራ ሁለት ዓመት፤ በመጨረሻ ስለተሰጣት ስም። «ኦዲል ማለት ርስት ማለት ነው፤» ስትል ኦቦ ቦጂያ «ርስት?» ብሎ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ የእሱም ማሳ ካርታ ላይ ብቻ ነው የቀረው። «አዎ፣ ርስት። አባቷ የነፈጋትን መሬት በመጨረሻ በእጁ አስረከባት። የዓይኗን ነገር ብትጠይቁኝ፣ እኔ አልወሰድኩትም፤ ታሪኩ ያለሱም ይቆማል።»

ኦቦ መገርሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሪዳ። መልካም ታሪክ ነው፤ ትርጉም የለውም ማለቴን መልሻለሁ። ነገር ግን አደ ተረፈች፣ ያቺን ሕፃን ያተረፋት ማነው? ከእናቷ እቅፍ ተቀብላ ሩቅ የወሰደቻት ሞግዚት ናት። የእኔም በቀለች የመጣችው እንደ ሞግዚቷ ነው። ታሪኩ የሚመሰክረው ለእኛ ነው። ሳሩም ደግሞ እጅዎ ላይ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ተረፈች ወደ እጇ ተመለከተች፤ እውነትም ሳሩን አላስቀመጠችውም፣ ጨምድዳ ይዛዋለች። ሊቤ የሕፃኗን እግር አጥብቃ ያዘች።

ተረፈች ያኔ የምትናገረውን ሳምንቱን ሙሉ አላሰናዳችውም ነበር። እንዲያውም ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዳይወጣ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ነው።

«ሞግዚት የምታስፈልገው ለተጣለ ልጅ ነው ኦቦ መገርሳ። ይቺን ሕፃን ማን ጣላት? እናቷ እንደያዘቻት ነው። የተጣለች ልጅ ማየት ከፈለጉ ያቺውልዎት፤» ብላ በሳሩ ወደ ሊቤ ጠቆመች። «የጣልኳትም እኔ ነኝ።»

«እማ?» አለች ሊቤ።

«ዝም በይ፣ ልጨርስ። ስትወለድ ዓይኗን አየሁና አፈርኩ። ስም አውጪላት ሲሉኝ እምቢ አልኩ። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ይቺ እያልኩ አሳደግኳት። ልጅ አለሽ ሲሉኝ የለኝም ብዬ ምያለሁ። ሊቤ ያለቻት ጎረቤት ናት እንጂ እኔም አባቷም አይደለንም። ዋሽቻታለሁ። የዚያች የመስፍኑ ልጅ ታሪክ ሲነገረኝ ሞግዚቷን ፈልጌ ራሴን አጣሁት፤ እኔ ያለሁት አባትየው ዘንድ ነው።»

በቀለች በፎጣው አፏን ያዘች።

«አሁን ወደ ሳርዎ ልምጣ። በእናንተ ቤት ደንብ ስም የሰጠ ነው ልጁ የእሱ የሚሆነው፤ ነው አይደለም?»

«ነው፤» አለ ኦቦ መገርሳ፣ ወዴት እንደምትወስደው እየተጠራጠረ።

«እንግዲያው እኔ ለዚች ልጅ ስም አልሰጠሁም። በራሳችሁ ደንብ እናቷ አይደለሁም። እናቷ ያልሆነ ሰው ከእቅፏ ልጅ አንሥቶ ለሰው መስጠት ይችላል? ሳሩን የተቀበለችው መብቷን ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት የጣለች ሴትዮ ናት። ስለዚህ እጄ ላይ ያለው ሳር ነው፤ ለላም ይሰጥ።»

ኦቦ መገርሳ ወደ ኦቦ ቦጂያ ዞረ። ኦቦ ቦጂያ አገጩን በበትሩ ጫፍ ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ አሰበ።

«መገርሳ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ሴትዮዋ ራሷን አዋርዳ ተናግራለች። ለማሸነፍ ብሎ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ላይ የሚያወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳሩ ለባለቤቷ አልደረሰም።»

«ለባለቤቷ ይስጡኝ፤» አለች ሊቤ።

እጇን ዘረጋች። ተረፈች ሳሩን መዳፏ ላይ አስቀመጠች፤ የልጇን ፊት ግን ማየት አልቻለችም። ሊቤ ሳሩን በጣቶቿ አንድ በአንድ አቃናችው፣ የተሰበረውን ለየች፣ ከዚያ ወደ አማቷ ድምፅ አቅጣጫ መልሳ ዘረጋችለት።

«አባባ፣ ልጄን አልሰጥም። ስትድህ የት እንዳለች በእጅ አምባሯ ቃጭል አውቃለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ልጅ የማስተምረው በጆሮዬ ነው። ልትጠይቋት በመጣችሁ ቁጥር ግን በሬ ክፍት ነው። ስሟ ኦዲል ነው።»

ኦቦ መገርሳ ሳሩን አልተቀበለም። ወደ በሩ ተመለከተ። «ገመቺስ! አንተስ ምን ትላለህ?»

ገመቺስ በሩን ለቆ መጣ። መደቡ ላይ፣ ከሊቤ ጎን ተቀመጠ፤ ሳሩንም ከእጇ ወስዶ የአባቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

«ኦዲል ገመቺስ መገርሳ፤» አለ። «አሜን በል አባዬ።»

ኦቦ መገርሳ ወዲያው አሜን አላለም። ኦቦ ቦጂያ አለ። ቀጥሎ ሌላኛው ሽማግሌ። ኦቦ መገርሳ በመጨረሻ ያለው በጉሮሮው ነው፤ ቢሆንም አለ። ተረፈችም ሰማች፣ «አልሰማሁም» ግን አለች፣ ደግሞ እንዲለው።

ሊሄዱ ሲነሡ በቀለች ወደ ሊቤ ጠጋ ብላ «አንዴ ብቻ ልያዛት?» አለች። ሊቤ ሰጠቻት። በቀለች ሕፃኗን ይዛ እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ፊቷን በብርሃን አየች፣ መልሳ አመጣቻት። አዲሱን ፎጣ ሕፃኗ ላይ ትታው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሊቤ እናቷን ለሦስት ቀን አላናገረቻትም። ተረፈች አጥሚት ሠርታ ታቀርባለች፤ ሊቤ ትጠጣለች፣ ኩባያውን ታስቀምጣለች። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ውኃ መቅጃው ጋ ሁለት ሴቶች ተረፈችን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። «ቀጥሉ፤» አለቻቸው፣ «የጎደለ ካለ እጨምርላችኋለሁ።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሊቤ ሕፃኗን እያጠባች ጠየቀቻት።

«ያቺ ሴትዮ ማን ነበረች? ስሜን ያወጣችው።»

«ብርሃነሽ። ከእኛ ቀጥሎ የነበረው ቤት።»

«ደግ ነበረች?»

«ወንፊቴን አልመለሰችም።»

የሊቤ ከንፈር ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ለምን ነበር እማ?»

«ፈርቼ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ የለም። ይቅርታ አልልሽም፤ ይቅርታ ለዚህ ያንሳል።»

«አልጠየቅኩሽም፤» አለች ሊቤ። ልጇን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዞረች። «ተነሺ ልበሺ። ወረዳ ሄደን ልደቷን እናስመዘግባለን። አንቺ ነሽ የምታቅፊያት፤ እኔ ክንድሽን እይዛለሁ።»

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰልፍ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጀርባ የተቀመጠችው ወጣት ቀና ሳትል «የሕፃኗ ስም?» አለች።

«ኦዲል ገመቺስ መገርሳ፤» አለች ሊቤ።

ወጣቷ ቀና አለች። መጀመሪያ የሊቤን ዓይኖች፣ ቀጥሎ በእርጅና የተጨማደደችውን ተረፈችን፣ ቀጥሎ ሕፃኗን አየች። «ኦዲል? እንዲህ ያለ ስም መዝግቤ አላውቅም። ምን ማለት ነው?»

ተረፈች አፏን ከመክፈቷ በፊት ሊቤ ክንዷን ጫን አድርጋ ያዘቻት።

«እናቴ ትነግርሻለች፤» አለች። «ሙሉውን። ምንም ሳታስቀር።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ አንዱ «እማማ፣ ሥራ አለን እኮ!» አለ። ተረፈች ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«የቸኮለ ነገ ይምጣ፤» አለች። ከዚያ ወደ ወጣቷ ተመለሰች። «ኦዲል ማለት ርስት ማለት ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ልጇን ስም ከነፈገች አንዲት ሴትዮ ነው። እሷም እኔ ነኝ። ጻፊ።»